እቴጌ ምንትዋብ፦ ከቋራ ቆላ እስከ ቁስቋም ዳገት

ጎንደርን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የፋሲልን ግንብ አይቶ፣ የጥምቀተ ባሕሩን መዋኛ ዞሮ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን መላእክት አንጋጦ ተመልክቶ ይመለሳል። ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ያለውን ዳገት ወጥቶ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የአካባቢው አርሶ አደርም ቢሆን ኅዳር 6 ቀን ለክብረ በዓሉ ካልሆነ በቀር ፍርስራሹን ቆሞ ለማየት ጊዜ የለውም። ወቅቱ የአጨዳ ነውና አይፈረድበትም። ሆኖም የጎንደር ሥዕል፣ የጎንደር ማኅሌትና የጎንደር ግንብ ሥራ በተነሣ ቁጥር ስማቸው አብሮ መነሣት ከሚገባቸው ሰዎች አንዷ የዚያ ዳገት ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የዩኒየኑን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ የእኒህን ሴት የሕይወት ታሪክ ለአባላት ማቅረብ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። ቋራ ዛሬ በምዕራብ ጎንደር ዞን የሚገኝ፣ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን፣ ሰሊጥና ጥጥ የሚመረትበት ቆላ ወረዳ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ለጎንደር መኳንንት ሩቅ ዳር አገር ነበር። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ሲሆን፣ በሕዝብ ዘንድ የቀረው ግን ምንትዋብ የሚለው ነው። ምን ያህል ውብ ናት እንደ ማለት ነው። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባሉ ነበር።

ከአፄ በካፋ ጋር እንዴት እንደተገናኙ የሚነገረውን ታሪክ በአካባቢው ብዙ ሰው ያውቀዋል። አፄ በካፋ ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም. የነገሡ፣ ልብሳቸውን ለውጠው በየአገሩ እየዞሩ የሹማምንትን አስተዳደርና የድሃውን ኑሮ በራሳቸው ዐይን ያያሉ የሚባልላቸው ንጉሥ ናቸው። በአንዱ ጉዞ ቋራ ላይ በንዳድ ታመው ወደቁ፤ ማንነታቸውን የማያውቅ ባላገር ቤት ገብተው ተኙ፤ የቤቱ ልጅ ምንትዋብ አስታመመቻቸው፤ ድነው ጎንደር ከተመለሱ በኋላ ልከው አስመጥተው አገቧት ይባላል። ታሪኩ ደስ የሚል ነው። ነገር ግን የምንትዋብ ዘመዶች ተራ ባላገሮች ሳይሆኑ በቋራ የታወቁ ባላባቶች እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም። ንጉሡ ያገቡት መልክን ብቻ ሳይሆን ዘመድንም ነው። ኋላ የመጣው ነገር ሁሉ የተመዘዘው ከዚሁ ነው።

በ1723 ዓ.ም. አፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱ ብለው አነገሡ፤ በዚያው ዓመት ራሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር መግዛት ጀመሩ። ከዚያ በፊት የነበሩ እቴጌዎች ዘውድ ቢጭኑ የንጉሥ ሚስት በመሆናቸው ነው። እርሳቸው ግን ባላቸው በሌለበት፣ በስማቸው አዋጅ እያስነገሩ፣ ችሎት እያስቻሉና ሹመት እየሰጡ ቆዩ። ለዚህ ሥራ ያመኗቸው ሰዎች የቋራ ወንድሞቻቸውና ዘመዶቻቸው ናቸው። ከሁሉም በላይ ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል እስከ ዕለተ ሞታቸው ቀኝ እጃቸው ሆነው አገልግለዋል።

የቋራዎች መሾም የከፋቸው መኳንንት ዝም አላሉም። በ1725 ዓ.ም. ገደማ ተንሤ ማሞ የተባሉት ሰው የሚመሩት አመፅ ተነሥቶ ሌላ ንጉሥ ይዘው የጎንደርን ቤተ መንግሥት ከበቡ። እናትና ልጅ በግንቡ አጥር ውስጥ ተዘግተው ሰነበቱ፤ ከግቢው ሕንፃዎች የተጎዱም ነበሩ። በመጨረሻ ከውጭ ደራሽ ጦር መጥቶ አመፀኞቹ ተሸነፉ። አንዲት ሴት ሕፃን ልጅ ይዛ እንዲህ ያለውን ከበባ ማለፏ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ የተሸነፈ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ቁስቋም የሚወራ ነገር ባልኖረ ነበር።

ከበባው ካለፈ በኋላ እቴጌዪቱ ወደ ግንባታ ተመለሱ። በፋሲል ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራው፣ በግድግዳው ላይ የመስቀል ቅርጽ የተቀረጸበት ቤተ መንግሥት የእርሳቸው ነው። ትልቁ ሥራቸው ግን ከከተማው ወጣ ብለው በዳገቱ ላይ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ቁስቋም ማለት እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ የተቀመጠችበት የግብፅ አገር ስም ነው። ሕፃን ልጅ ይዘው በጠላት ተከበው ለቆዩ እናት ይህ ስም ለምን እንደተመረጠ ለመገመት አያስቸግርም።

በቁስቋም ቤተ ክርስቲያን፣ የእቴጌዪቱ መኖሪያ ቤተ መንግሥት፣ የግብር አዳራሽና በዙሪያቸው ጠንካራ አጥር ተሠርቶ ነበር። ጣሪያው እንደ እንቁላል ስለሆነ እንቁላል ግንብ የሚባለው ሕንፃ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ በኖራ የተያያዘ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ፣ ጌጡ ከቀላ ያለ ለመጥረብ የሚመች ድንጋይ የተሠራ ነው፤ መስቀልና የእንስሳት ምስል ተቀርጾበታል። ይህን የሠሩት እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በፖርቱጋሎች ስም ይታለፋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ፖርቱጋል የመጡት ኢየሱሳውያን ካህናት ምንትዋብ ከመንገሣቸው ከ90 ዓመት በላይ አስቀድሞ በአፄ ፋሲል ከአገር ተባረዋል። የጎንደርን ግንቦች በመገንባት ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው የአገሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ በተለይ ቤተ እስራኤሎች በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በቀጥቃጭነት ይታወቁ ነበር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃ ላይ ለእንግዳ የሚሸጠው የሸክላ ሥራ የዚያ ሙያ ትዝታ ነው። ባለሙያዎቹ በዘመናቸው በሙያቸው ምክንያት ይናቁ ነበር፤ ያነጹት ግንብ ግን ዛሬ የአገር መኩሪያ ሆኗል።

እዚህ ላይ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ቅርብ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ። ግንበኛው፣ ሠዓሊው፣ ማኅሌት ቋሚው ደብተራና መጽሐፍ ጸሐፊው ሁሉ እህል ይበላሉ። እህሉ ከየት መጣ? እቴጌ ምንትዋብ እንደ ሌሎቹ ነገሥታት ለተከሉት ደብር ጉልት ሰጥተዋል። ጉልት ማለት መሬቱን ለደብሩ ቆርሶ መስጠት ሳይሆን፣ በርስቱ ላይ የሚያርሰው ባላገር ለመንግሥት ይከፍለው የነበረውን ግብር ለደብሩ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ስለዚህ የደንቢያው ጤፍና ሽምብራ፣ የወገራው ገብስ በአህያና በሰው ጀርባ ተጭኖ ወደ ከተማው ይወጣ ነበር። በቁስቋም ግድግዳ ላይ የተጠረበው እያንዳንዱ መስቀል የአራሹ ላብ አለበት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአራሹን ስም ግን የጻፈ የለም። ይህ ሥርዓት በልዩ ልዩ መልኩ እየቀጠለ ቆይቶ የተወገደው የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

በዚሁ ዘመን በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ይመዘገብ ነበር። በእነዚህ መዛግብት ውስጥ የሴቶች ስም ሻጭም፣ ገዢም፣ አውራሽም ሆኖ ይገኛል። ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ርስት የመካፈል መብት ነበራትና። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ሴት በመሬት ጉዳይ ቃሏ ይሰማ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። በክልላችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በባልና በሚስት ስም የተሰጠው የይዞታ ደብተር አዲስ ነገር የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ለጎንደር ግን ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም።

ወደ ማኅሌቱ እንመለስ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ካህናቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ማኅሌተ ጽጌ ያደርሳሉ። መቋሚያው ይነሣል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ከበሮው መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ እየፈጠነ ይመታል። የወቅቱ ማብቂያ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው። እቴጌዪቱ ደብራቸውን በዚህ ስም መትከላቸው የጽጌው ማኅሌት በጎንደር ልዩ ድምቀት እንዲኖረው ረድቷል። በነገሥታቱ ጊዜ ጎንደር ከየአገሩ ለቅኔ፣ ለዜማና ለአቋቋም የሚመጡ ተማሪዎች ኮፊዳቸውን ይዘው የሚሰበሰቡባት ከተማ ነበረች፤ የጎንደር ቁም የሚባለው የአቋቋም ስልት እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ከቤተ ክህነት ውጭም በግብር ቤቱ ባለ መሰንቆው አዝማሪ ጌታውን እያወደሰ፣ አንዳንድ ጊዜም በሰም ለበስ ግጥም እየሸነቆጠ ይጫወት ነበር። ደብተራውና አዝማሪው እርስ በርስ ቢናናቁም ሁለቱንም ያበላቸው አንድ ጎተራ ነው።

በሥዕል በኩል የእቴጌ ምንትዋብ ድርሻ ከሁሉም የጎላ ነው። የሥነ ጥበብ አጥኚዎች የጎንደርን ሥዕል በሁለት ይከፍሉታል። በመጀመሪያው አሣሣል ቀለሙ ደማቅ፣ መደቡ ግልጽ፣ የሰው ፊት ጥላ የሌለበት ነው። ሁለተኛው የዳበረው በምንትዋብ ዘመን ነው። በዚህኛው ፊትና አንገት በጥላ ይሞላል፤ መደቡ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ የልብሱ አበባና ጥልፍ በጥንቃቄ ይሣላል። ቅዱሳኑ ሳይቀሩ በዚያ ጊዜ ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረውን ውድ ጨርቅ ለብሰው ይታያሉ። ሥዕሉን ያሠራው ሰውም በሥዕሉ ግርጌ ይገባል። በጣና ሐይቅ ውስጥ በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ሲሆኑ፣ በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተዘርግተው ወድቀው ተሥለዋል። የአገሪቱ ባለ ዘውድ እንደዚያ ወድቃ መታየቷ ትሕትና ነው፤ ይህን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን ማን እንዳሠራ እንዳይረሳ ማድረግም ነው። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ አድገው ጦር መምራት ቢጀምሩም ዕድላቸው አልሠመረም። በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘምተው ድል ሆኑ። ከጦሩ ጋር ይዘውት የሄዱት ኰርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕልም ተማረከ። ነገሥታቱ በዘመቻ የሚያስከትሉት ታላቅ ሥዕል ስለነበር ኀዘኑ ከባድ ሆነ፤ በኋላ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። ከ120 ዓመታት ያህል በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሲወድቁ፣ ይኸው ሥዕል በእንግሊዞች ተወስዶ ወጣ። እስካሁን አልተመለሰም።

አፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞቱ። የእቴጌዪቱ ሁለተኛው የመከራ ምዕራፍ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኢያሱ ያገቡት ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ቤተሰብ የሆኑትን ውቢትን ነበር። ከእርሳቸው የተወለዱት ሕፃኑ ኢዮአስ ሲነግሡ አያትየው እንደገና ሞግዚት ለመሆን ፈለጉ። እናትየው ደግሞ በተራቸው ይህ የእኔ ድርሻ ነው አሉ። ምንትዋብ ከቋራ ዘመዶቻቸውን እንዳመጡ ሁሉ ውቢትም ወንድሞቻቸውን አመጡ። አንዱ ወገን ያደረገውን ሌላው ወገን ቢደግመው የሚያስደንቅ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ። ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት እስካሉ ድረስ ሚዛኑ እንደምንም ተጠብቆ ቆየ፤ በ1759 ዓ.ም. እርሳቸው ሲሞቱ ግን የሚያስታርቅ ሰው ጠፋ።

እቴጌዪቱ ከአፄ በካፋ ሞት በኋላ ሴቶች ልጆችን ወልደው ነበር። ልጆቻቸውን ለየአገሩ ገዢ በመዳር ዙፋኑን ለማጽናት ሞክረዋል። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ወደ ጎጃም ተዳሩ። ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የበጌምድሩን ገዢ ማርያም ባርያውን አገቡ። ከቋራና ከውቢት ወገን ጠብ የተነሣ ማርያም ባርያው ተገደሉ። ባሏ የተገደለባት አስቴር ደም የሚመልስላት ስትፈልግ ለሽማግሌው የትግሬ ገዢ ለራስ ሚካኤል ስሑል ተዳረች። ራስ ሚካኤል ወደ ጎንደር የተጠሩት በመካከል ገብተው እንዲያስታግሡ ነበር፤ ከገቡ በኋላ ግን ማንም ሊያስወጣቸው አልቻለም። በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን በሻሽ አሳንቀው አስገደሉ። ንጉሥ በሹም እጅ ሲሞት ዘመነ መሳፍንት ጀመረ ይባላል፤ ይህም ሌላው የቋራ ሰው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብለው እስኪነግሡ ቀጥሏል። ለእቴጌዪቱ ግን ነገሩ የዘመን ስም አልነበረም። የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው ሰው የልጃቸው ባል ነበር።

ከዚያ ወዲያ እቴጌ ምንትዋብ የመንግሥቱን ሥራ ትተው በቁስቋም ተቀመጡ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ያገኛቸው እዚያ ነው። በግቢው ፈንጣጣ ገብቶ ሕፃናቱ ታመው ስለነበር ብሩስ በሚያውቀው መጠን አከመ፤ በዚህም የእቴጌዪቱንና የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አገኘ። በ1782 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ስለ እርሳቸው ብዙ ጽፏል። የዓባይን ምንጭ ለማየት ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ መምጣቱ እቴጌዪቱን እጅግ አስገርሟቸው እንደነበር ያወሳል። እርሳቸው ኢየሩሳሌምን ለማየት ሲመኙ የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህ ሰው ደግሞ የኢየሩሳሌምን አካባቢ ትቶ የግሽን ረግረግ ሊያይ መጣ። ለእርሳቸው ይህ ነገር ትርጉም አልነበረውም። ብሩስ አገራችንን በብዙ ቦታ ሲያጋንን ይታያል፤ በዚህ ላይ ግን ሳያስበው የእቴጌዪቱን አስተዋይነት መስክሯል።

ራስ ሚካኤል በ1763 ዓ.ም. ሠርባ ኩሳ ላይ ድል ሆነው ከጎንደር ሲወጡ እቴጌዪቱ ገና በሕይወት ነበሩ። ሆኖም የሚመለስላቸው ሥልጣን አልነበረም፤ የሚያነግሡትም ልጅ አልቀረላቸውም። በ1765 ዓ.ም. አርፈው ራሳቸው ባሠሩት ቁስቋም ተቀበሩ።

ቁስቋም ባለቤቱን ካጣ በኋላም ለብዙ ዘመን ቆየ። ከባዱ ጉዳት የደረሰው በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቱን ባቃጠሉ ጊዜ ነው። የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ከነሥዕሉ ነደደ፤ አሁን የሚታየው ቆይቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ በምንትዋብ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች የደረሱበትን ደረጃ ማየት የሚፈልግ ሰው በጀልባ ጣናን አቋርጦ ናርጋ ድረስ መሄድ ይኖርበታል። የደሴቱ ርቀት ሥዕሉን ከእሳቱ አድኖታል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቁስቋምም አብሮ ተመዝግቧል። የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ከወደቀ ቆይቷል፤ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሣርና ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ሥሩ ድንጋዩን እየፈለቀቀ ነው። ወደ ደብሩ የሚወጣ እንግዳ ከፍርስራሹ አልፎ ከገባ ካህናቱ ፊቱ መስታወት የሆነ አንዲት ትንሽ ሣጥን ያሳዩታል። በውስጧ ያለው አጽም የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ነው።